ለአዲስ አበባ አዲስ የውሃ ምንጭ እንዴት ይመረጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው በየሳምንቱ የሚጠይቀው «ዛሬ ይመጣ ይሆን?» ብሎ ነው። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ግን ከተማዋ ቀጥሎ ውሃዋን ከየት ታምጣ የሚለው ትልቁ ውሳኔ አለ። የውሳኔው ውጤት ለሃምሳ ዓመት የሚዘልቅ ስለሆነ ነዋሪው ሊያውቀውና ሊከራከርበት ይገባል። ከጎረቤት፣ ከኮንዶሚኒየም ማኅበራትና ከተማሪዎች ተደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ አሁን የምትጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል?

ከግድብና ከጥልቅ ጉድጓድ። በስተ ምዕራብ በ1930ዎቹ የተሠራው ገፈርሳ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ለገዳዲና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታከለው ድሬ አሉ። የድሬ ውሃ የሚጣራው ለገዳዲ ባለው ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ጉድጓዶቹ በብዛት ያሉት በደቡብ በአቃቂና በፋንታ፣ በምሥራቅ ደግሞ በለገዳዲ አካባቢ ሲሆን፣ በየክፍለ ከተማው የተበተኑም አሉ።

ለብዙ ዓመታት ከተማዋን ያኖሯት ግድቦቹ ነበሩ። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ የተጨመረው ውሃ ግን አብዛኛው ከመሬት በታች የወጣ ነው፤ ዛሬ ከጠቅላላው ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የጉድጓድ ውሃ ነው። ይህ ለውጥ ብዙ ሳይወራለት የመጣ ነው፤ ከታች የሚነሱት አብዛኞቹ ጥያቄዎችም የሚመነጩት ከእሱ ነው።

የሚያስፈልገው ውሃ ስንት እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ የሕዝብ ብዛት በአንድ ሰው የቀን ፍጆታ ይባዛል፣ በላዩ ላይ የፋብሪካ፣ የሆቴል፣ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ፍጆታ ይታከላል፣ መንገድ ላይ የሚባክነው ይደመራል። የሀገሪቱ የልማት ዕቅድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ይላል። 5 ሚሊዮን ሰው ብንል ለመኖሪያ ቤት ብቻ 500,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በቅርብ ዓመታት ሲገልጽ የቆየው ጠቅላላ ፍላጎት በቀን ከ1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያልፍ ሲሆን፣ ምርቱ ከዚያ በብዙ ያንሳል።

የስሌቱ ደካማ ቦታ የመጀመሪያው ቁጥር ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባን 2.7 ሚሊዮን ብሎ መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬን የመሳሰሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ሰው ገብቶባቸዋል፣ የከተማዋ ዙሪያም ሌላ ከተማ ሆኗል። የሰው ቁጥር በግምት፣ የውሃ ግንባታ በግምት ከሆነ፣ ስህተቱ የሚያርፈው መጨረሻ ላይ በተሠራው ሰፈር ላይ ነው። ለውሃ ጥናት ከሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ተቀንሶ ሰፈር በሰፈር ቆጠራ ቢሠራበት ብዙ ከንቱ ወጪ ይቀራል ብለን እናምናለን።

ክረምት እንዲህ እየዘነበ በጋ ላይ ውሃ እንዴት ይጠፋል?

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ ትንሽ አይደለም። ችግሩ አብዛኛው በሰኔ፣ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ተጠቃልሎ መውረዱ ነው። ግድብ ማለት ጎተራ ነው፤ በክረምት የሞላው እስከ ሚቀጥለው ሰኔ ድረስ ይበላል።

ስለዚህ ባለሙያ አንድን ወንዝ ሲገመግም የሚጠይቀው «በዓመት ስንት ይፈሳል?» ብሎ አይደለም። የሚጠይቀው «በክፉ ዓመት፣ ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ሲወጣ፣ በየቀኑ ሳይቋረጥ ስንት ይሰጣል?» ብሎ ነው። ይህ የሚታመን ምርት ይባላል። ለዚህ ቢያንስ የሠላሳ ዓመት የዝናብና የወንዝ ፍሰት መዝገብ ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ በ1977 እና በ2007 ዓ.ም. እንደታየው ያለ ድርቅ ቢደገም ምን ይሆናል ተብሎ ይሰላል። አማካይ ዓመትን ይዞ የተሠራ ግድብ በጥሩ ዓመት ማንንም አያሳፍርም። በመጥፎው ዓመት ግን ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2018 የደረሰባት ይደርሳል፦ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ዝናቡ ሲቀንስ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተፈቅዶ ነበር። በእኛ ከተማ 50 ሊትር የማያገኝ ብዙ ቤተሰብ በመልካሙም ዓመት አለ፤ የእኛ ጥናት ከእነሱም የበለጠ ጥንቁቅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ግድብ ይሻላል ወይስ ጉድጓድ?

ብዙ ሰው አንዱን ደግፎ ሌላውን ይነቅፋል። ሁለቱም ዋጋቸውን የሚያስከፍሉት በተለያየ ጊዜ ነው።

የግድብ ትልቁ በረከት ከፍታው ነው። ገፈርሳም ለገዳዲም ከመሐል ከተማው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሚገኙ ውሃው አብዛኛውን መንገድ ቁልቁል በራሱ ይወርዳል፤ መብራት ቢጠፋም ጨርሶ አይቆምም። በሌላ በኩል ግድብ ሰፊ መሬት ይወስዳል፣ ሰው ያስነሳል፣ ግንባታው ዓመታት ይፈጃል፣ ብዙውን ጊዜም በብድር ነው የሚሠራው። ደለል ደግሞ አለ። ከለገዳዲ በላይ ያለው መሬት የታረሰና ጥቁር መረሬ አፈር የሚበዛበት ነው። በክረምት ጎርፉ ይዞት የሚገባው ደቃቅ ጭቃ በቀላሉ ወደ ታች አይዘቅጥም፤ ውሃውን ለማጥራት ብዙ አሉሚኒየም ሰልፌት ይፈልጋል። ከሥር የተቀመጠው ደለል ደግሞ ከዓመት ዓመት ግድቡ የሚይዘውን ውሃ ይቀንሳል። አዲስ የግድብ ቦታ ሲጠና ከበላዩ ባለው ተዳፋት ላይ እርከንና ዛፍ ለመሥራት በጀት ካልተያዘ፣ ግድቡ የሚሠራው ለግማሽ ዕድሜው ነው ማለት ይቻላል።

ጉድጓድ ቶሎ ይደርሳል። በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ያን ሁሉ ቢሊዮን ብር አይጠይቅም። ውሃው በድንጋይ ተጣርቶ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ክሎሪን ብቻ ይበቃዋል። ድርቅ ቢመጣም ወዲያው አይነካውም። ዕዳው የሚጀምረው ውሃው መውጣት ሲጀምር ነው። የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ከባሕር ወለል በላይ 2,050 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የከተማዋ አብዛኛው ክፍል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የጉድጓዱ ጥልቀት ሲጨመርበት ውሃው ከ400 ሜትር ያላነሰ መነሳት ይኖርበታል።

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ለማንሳት ፓምፑ 65 በመቶ ብቃት ቢኖረው 0.42 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። 400 ሜትር ሲሆን 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለ100,000 ሜትር ኩብ 170,000 ኪሎዋት ሰዓት በየቀኑ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚቃጠል ፓምፕ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መለዋወጫ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም መስመር አለ። በመቶ ዓመት ሂሳብ ውስጥ ሲገባ «ርካሽ» የተባለው ጉድጓድ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም።

የእኛ አስተያየት፦ ጉድጓድ ለአጣዳፊው ጊዜ፣ ግድብ ለረጅሙ፣ ሁለቱም አብረው ደግሞ ለክፉ ዓመት። በክረምት ግድቦቹ ሞልተው ሲፈሱ ከጉድጓዱ ቀንሶ መሳብ፣ በሚያዝያና በግንቦት ጉድጓዱን ማበርታት ይቻላል። ይህን ለማድረግ ግን የግድቡና የጉድጓዱ መስመር እርስ በርሱ መገናኘት አለበት፤ ይህም በአዲስ ምንጭ ጥናት ውስጥ ተረስቶ የሚቀር ወጪ ነው።

«ጉድጓዱ በሰከንድ 40 ሊትር ይሰጣል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሰከንድ 40 ሊትር በቀን 20 ሰዓት ቢሳብ 2,880 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለአንድ ሰው 80 ሊትር ብንል 36,000 ሰው ያጠጣል። ቁጥሩ ደስ ያሰኛል፤ ከየት እንደመጣ ግን መጠየቅ ይገባል።

ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲያልቅ የፓምፕ ሙከራ ይደረግለታል። ከመሳቡ በፊት ውሃው ያለበት ደረጃ ይለካል፤ ከዚያ በተወሰነ መጠን ያለማቋረጥ እየተሳበ ደረጃው ምን ያህል እንደሚወርድ በየደቂቃው፣ በኋላም በየሰዓቱ ይመዘገባል። ፓምፑ ሲቆም ደግሞ በምን ያህል ጊዜ ተመልሶ እንደሚሞላ ይታያል። የ24 ሰዓት ሙከራና የ72 ሰዓት ሙከራ እኩል አይደሉም። በአንድ ቀን የተረጋጋ የሚመስል ጉድጓድ በሦስተኛው ቀን መውረዱን ሊቀጥል ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ጎረቤት ጉድጓዶች አብረው እየተሳቡ የሚደረገው ሙከራ ነው፤ አሥራ አምስት ጉድጓድ በአንድ መስክ ላይ ሲሠራ አንዱ ከሌላው ይወስዳልና የአሥራ አምስቱ ድምር ለየብቻ ከተለካው ያንሳል።

የመሬት ውስጥ ውሃ ሊያልቅ ይችላል?

ይችላል። ዝናብ ከሚመልሰው በላይ በየዓመቱ ከተሳበ ደረጃው ይወርዳል። ደረጃው ሲወርድ ፓምፑ ወደ ታች ይገባል፣ የመብራት ወጪው ያድጋል፣ የአካባቢው ገበሬ የእጅ ጉድጓድ ይደርቃል። የአዲስ አበባ ከርሰ ምድር ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ የተሠራ ነው። ውሃውን የሚይዘው በድንጋዩ ስንጥቅና በንብብሮቹ መካከል ስለሆነ አንድ ቦታ ሞልቶ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ብዙው የሚሞላው ከእንጦጦና ከሌሎቹ ከፍታዎች ወደ ደቡብ በሚሰርገው ዝናብ ነው። ያ መሬት በአስፋልትና በጣሪያ በተሸፈነ ቁጥር ወደ ታች የሚሰርገው ውሃ ይቀንሳል፣ ጎርፉ ይጨምራል።

አስተማማኝ መረጃ የሚገኘው ምንም ውሃ ከማይሳብባቸው፣ ደረጃ ለመለካት ብቻ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። እነዚህ ጉድጓዶች ለማንም ውሃ ስለማይሰጡ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። መቅረት የለባቸውም። ያለ እነሱ ከርሰ ምድሩ ስንት እንደቀረው የምናውቀው ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ነው።

ከጉድጓድ የወጣ ሁሉ ንጹሕ ነው?

አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ የሚደረገው ቸልታ ያሳስበናል። ሁለት ነገሮች በተለይ መለካት አለባቸው።

አንደኛው ፍሎራይድ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ጋር የተያያዘ፣ ከጥልቅ የሚወጣ ሙቅ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በከተማዋ መሐል የፍልውሃን መስመር ተከትሎ የሚወጣው ውሃም የዚህ ዓይነት ነው። የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የልጆች ጥርስ ይበላሻል፣ እየበዛ ሲሄድ አጥንት ይጎዳል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆ በወረድን መጠን ይህ ስጋት ያድጋል።

ሁለተኛው ናይትሬት ነው። ምንጩ የመጸዳጃ ጉድጓድና የፍሳሽ ቆሻሻ ሲሆን በአሮጌው መሐል ከተማ ባሉ ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ውስጥ ተገኝቷል። ጣሪያው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። በተለይ በዱቄት ወተት ለሚያድጉ፣ ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት አደገኛ ነው።

እናቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ስለሆነ በግልጽ እንበለው፦ ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድንም ናይትሬትንም አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ውስጥ መጠናቸው ይጨምራል።

የአቃቂን ወንዝ ማጣራት አይቻልም?

በቴክኖሎጂ ይቻላል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭ፣ የቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም ይቀበላሉ። በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ ከተማው ይበላዋል። ወንዙን የመጠጥ ምንጭ ከማድረግ በፊት ወደ ወንዙ የሚገባውን ማስቆም ይቀድማል፤ ወጪውም ያንሳል።

የተጣራ ፍሳሽን መልሶ መጠጣት ግን ነውር ወይም ሕልም አይደለም። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፍሳሿን አጣርታ ወደ መጠጥ ውሃዋ ትቀላቅላለች። ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆነው እርምጃ ከዚህ ቀላል ነው። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል። ከእሱ የሚወጣው ውሃ እንደ ጥራቱ ለግንባታ፣ ለፋብሪካ ማቀዝቀዣና ለመንገድ ዳር አረንጓዴ ቢውል፣ ዛሬ ለእነዚህ ሥራዎች የሚፈሰው የመጠጥ ውሃ ለሰው ይተርፋል። በቦቴ የመጠጥ ውሃ ተጭኖ ሣር ሲጠጣ ማየት፣ ማዶ ደግሞ እናቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ሲጠብቁ ማየት፣ ልብ ያሳዝናል።

ዓባይን የሚያህል ወንዝ እያለ ለምን ከዚያ አይሳብም?

ከፍታው ነው የሚከለክለው። በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ ወለል 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃው ከዚያ ወጥቶ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለውን አምባ አልፎ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መምጣት አለበት። 1,500 ሜትር ለማንሳት ብቻ ለአንድ ሜትር ኩብ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። አዋሽም ቢሆን ከከተማዋ በታች ነው፤ በዚያ ላይ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው።

ትርጉም ያለው አማራጭ ውሃውን ገና ዓባይን ሳይቀላቀል ከላይ፣ ከምንጩ አካባቢ መያዝ ነው። የእንጦጦ ሸንተረር ውሃን ለሁለት ይከፍላል፤ በደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ፣ በሰሜን የወረደው በሙገር ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከሸንተረሩ ጀርባ ያሉት የገርቢና የሲቢሉ ወንዞች ለረጅም ጊዜ የተጠኑት ለዚህ ነው። ገርቢ በቀን 73,000 ሜትር ኩብ እንዲሰጥ የታቀደ ሲሆን፣ ሲቢሉ ከእሱ በብዙ የሚበልጥ ነው።

ታዲያ ገርቢ ለምን ይህን ያህል ዘገየ?

ዋናው እንቅፋት ምሕንድስናው አልነበረም። ግድቡ የሚያርፍበትና ቧንቧው የሚያልፍበት መሬት ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ የሚያርሱት፣ ከብት የሚያግዱበት፣ ወላጆቻቸውን የቀበሩበት ሰዎች አሉ። የካሳና የመልሶ ማቋቋም ጉዳይ ዓመታት ወስዷል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በሌላው ቦታ አድርጎ ሊያስብ ይገባል። ከተማው ለገዳዲንም፣ ድሬንም፣ ገፈርሳንም ያገኘው ከጎረቤቶቹ ነው። በሐይቁ ዳር እየኖሩ ውሃ የሚቀዱት ከኩሬ ነው፣ ትልቁ ቧንቧ በማሳቸው መሐል አልፎ አንድ ቦኖ አልተተከለላቸውም የሚል ቅሬታ ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያ ክልል ከአዲስ አበባ ጋር በተያያዘ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ሲናገር የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን በስም ጠቅሷል። የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ከገንዘብ ካሳ ባሻገር ተነሺው በዘላቂነት እንዲቋቋም ያዛል።

በጥናት ሰነድ ውስጥ ይህ ሁሉ «ማኅበራዊ ተጽዕኖ» በሚል አንድ ምዕራፍ፣ ብዙ ጊዜም መጨረሻ ላይ፣ ይቀመጣል። መቀመጥ ያለበት መጀመሪያ ላይ ነው። ከአካባቢው ሰው ጋር ያልተስማማ ምንጭ፣ ውሃው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ የሚታመን ምርቱ ዜሮ ነው። ከፕሮጀክቱ የመጀመሪያው ውሃ ምንጩ ላለበት ወረዳ እንዲደርስ ቢደረግ፣ ከውሃ ክፍያው ላይ ተፋሰሱን ለሚንከባከበው ገበሬ ድርሻ ቢቆረጥ፣ የስንት ዓመት መዘግየት በቀረ ነበር።

የሚፈሰውን ቧንቧ መጠገን እንደ ምንጭ ይቆጠራል?

ይቆጠራል፣ በመጀመሪያው ረድፍም መቆጠር አለበት። የባለሥልጣኑ የራሱ አኃዞች በተለያዩ ዓመታት እንዳሳዩት ከሚመረተው ከሲሶ በላይ የሆነው ገቢ ሳያስገኝ ይቀራል። ሁሉም መሬት ላይ የፈሰሰ አይደለም፤ ያረጀ ቆጣሪ ያልቆጠረውና በሕገ ወጥ መንገድ የተቀጠለውም አለበት።

በቀን 600,000 ሜትር ኩብ ቢመረትና 35 በመቶው ቢባክን 210,000 ሜትር ኩብ ነው። የዚህን ግማሽ ማዳን 105,000 ይሰጣል፤ ከገርቢ ይበልጣል፣ አንድም ገበሬ አያፈናቅልም። ውሃው ደግሞ ተጣርቶ፣ ተገፍቶ፣ ሰፈር ድረስ የደረሰ ነው።

ታዲያ ለምን አይሠራም? ሥራው አድካሚ ስለሆነ ነው። ከተማውን በየሰፈሩ ከፋፍሎ የገባውንና የወጣውን መለካት፣ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ የሚፈሰውን ማዳመጥ፣ መንገድ መቆፈር፣ ቆጣሪ መቀየር ይጠይቃል። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የለውም። ፈረቃው ራሱም ቧንቧውን ይጎዳል፤ መስመሩ ባዶ ሆኖ እንደገና በኃይል ሲሞላ መጋጠሚያዎች ይላላሉ፣ ባዶ በሆነበት ሰዓትም ከውጭ ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ፈረቃ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ውሃ ለመጠጥ አለመቅዳት የሚመከረው ለዚህ ነው።

የጣሪያ ውሃ ያዋጣል?

100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት፣ 1,100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝና ሃያ በመቶው ቢጠፋ፣ በዓመት 88 ሜትር ኩብ ይሰበስባል። አምስት ሰው በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም በዓመት የሚፈልገው 146 ነው። ከግማሽ በላይ ይሸፍናል ማለት ነው፣ በወረቀት ላይ። አንድ 10,000 ሊትር ሮቶ ግን ለዚህ ቤተሰብ 25 ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው፤ ስለዚህ ጥቅሙ የሚጎላው በክረምት ነው። ለልብስ፣ ለጽዳትና ለመጸዳጃ እንዲውል እንመክራለን። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ፣ ጣሪያቸው ሰፊ ስለሆነ፣ በጣም ያዋጣል።

ማኅበራችን የራሱን ጉድጓድ መቆፈር ይችላል?

ያለ ፈቃድ አይቻልም። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ውሃ የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ነው፣ ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃም ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ አለው። ፈቃድ ከተገኘ በኋላም የጂኦፊዚክስ ጥናት (ሳይቆፈር ከመሬት በታች ያለውን በመሣሪያ የሚመረምር) ሳያስጠኑ ቆፋሪ አይጥሩ። ውሃው ሲወጣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬትና ጀርም ያስለኩ፤ በየዓመቱም ይድገሙት።

ዜና ላይ «በቀን ይህን ያህል ሜትር ኩብ ያመርታል» ሲባል ቁጥሩን እንዴት ልየው?

የተባለው የመሣሪያው አቅም ነው፤ ቤት የሚደርሰው ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ ጥልቅ ጉድጓዶች ለምሳሌ እንውሰድ፤ አቅማቸው በቀን 86,000 ሜትር ኩብ ተብሏል። ለአንድ ሰው 100 ሊትር ቢታሰብ 860,000 ሰው ያጠጣል። ለስሌቱ ያህል መብራት እየተቆራረጠ ፓምፖቹ በቀን 16 ሰዓት ብቻ ሠሩ እንበል፤ ምርቱ ወደ 57,000 ይወርዳል። ከዚያ ላይ ሲሶው በመስመር ላይ ቢባክን 38,000 ይቀራል። አሁን የሚጠጣው 380,000 ሰው ነው። እነሱም ቢሆኑ ከፍታ ላይ ካሉ፣ ሰፈራቸው ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ካልሞላ ወይም ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ካላደረሰ ውሃውን አያገኙም። ስለዚህ አዲስ ፕሮጀክት ሲነገር የትኛውን ማጠራቀሚያ እንደሚሞላ፣ የትኞቹን ሰፈሮች እንደሚያዳርስ፣ መጠባበቂያ ጄኔሬተር እንዳለውና በሚያዝያ ወር ስንት እንደሚሰጥ መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው፤ መልሱም በየወረዳው ተለጥፎ መታየት አለበት።